ስም የሆኑ ቁጥሮች

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ኤምአይቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ የነበረው ኮምፒውተር በአርፓኔት ላይ 134 ተብሎ ይታወቅ ነበር። ቁጥሩ እንዲሁ የተሰጠ ሳይሆን ስሌት ያለው ነው። የዛሬው ኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት በየተቋሙ አንድ የመልእክት አስተላላፊ ማሽን ነበረው። እያንዳንዱ አስተላላፊ ተራ ቁጥር አለው፤ በአንዱ አስተላላፊ ላይ እስከ አራት ኮምፒውተሮች ይሰካሉ። የኤምአይቲ አስተላላፊ 6ኛው ስለነበር የመጀመሪያው ኮምፒውተር 6 ተባለ። ለሁለተኛው 64 ተደምሮ 70፣ ለሦስተኛው ሌላ 64 ተደምሮ 134 ሆነ። አስተላላፊው 1ኛ በሆነበት በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለቱ ኮምፒውተሮች 1 እና 65 ነበሩ።

ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ማሽኑ በየትኛው ተቋም፣ በስንተኛው መሰኪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። ቁጥሩ ግን ማሽኑን ሳይሆን ቦታውን ነው የሚናገረው። ማሽኑ ከአንዱ መሰኪያ ወደ ሌላው ከተዛወረ የቀድሞ ቁጥሩ አይከተለውም። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሃምሳ ምናምን ዓመታት ከመረብ ጋር ለተገናኙ መሣሪያዎች መለያ ለመስጠት የተደረገው ጥረት ሁሉ ይህችን ልዩነት ሲያስታርቅ ኖሯል። አንድ መለያ ዕቃው የት እንዳለ ይናገር ወይስ ማን እንደሆነ?

የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ቁጥሩን በቃላቸው መያዝ ስለሰለቻቸው ለማሽኖቹ ቅጽል ስም ማውጣት ጀመሩ። ችግሩ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ቅጽል ስም ማውጣቱ ነበር፤ አንዱ ጋ በአንድ ስም የሚጠራው ኮምፒውተር ሌላው ጋ በሌላ ይጠራል። በመስከረም 1971 የማይተር ድርጅት ባልደረባ ፔጊ ካርፕ አርኤፍሲ 226 በሚባለው ሰነድ ስሞቹ በሁሉም ዘንድ አንድ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። አርኤፍሲ የሚባሉት ሰነዶች የመረቡ ባለሙያዎች ሐሳብ የሚለዋወጡባቸው ወረቀቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ኋላ ደንብ ሆነዋል። በ1973 መጨረሻ ፒተር ዶይች ወቀሳውን አጠነከሩት። ሁሉም ተቋም የየራሱን፣ ያውም ጊዜ ያለፈበትን ዝርዝር ይዞ መቀመጡ ትርጉም የለውም፤ አንድ ዝርዝር ይኑርና ሁሉም ከእሱ ይቅዳ አሉ። በጥር 1974 የወጣው አርኤፍሲ 608 ዝርዝሩን በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው በኤስአርአይ የመረብ መረጃ ማዕከል እጅ አኖረው።

በዚያ ሰነድ ውስጥ ትንሽ የምትመስል ደንብ አለች፦ ስም በፊደል መጀመር አለበት። ጥቅሟ ግልጽ ነበር። ተጠቃሚው ከጻፈው የመጀመሪያው ምልክት አኃዝ ከሆነ ፕሮግራሙ ቁጥር፣ ፊደል ከሆነ ስም ብሎ ይወስደዋል። ስምና ቁጥር በዚህች መስመር ተለያዩ።

ዝርዝሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ጄክ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት ኤልዛቤት ፋይንለር እና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። አዲስ ኮምፒውተር ያስገባ ተቋም ለእነሱ ያሳውቃል፤ እነሱ በፋይሉ ላይ ይጽፋሉ፤ ሌሎቹ ፋይሉን ወደየራሳቸው ይገለብጣሉ። በነሐሴ 1981 በዝርዝሩ ላይ 213 ኮምፒውተሮች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ 562 ሆኑ። የሰው እጅ እያንዳንዱን መስመር እያረመ የሚቀጥልበት ዘመን ማብቃቱ ያኔ ታወቀ።

መፍትሔውን የጻፉት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ፖል ሞካፔትሪስ ናቸው። የኢንተርኔትን ቁጥሮች ይመዘግቡ የነበሩት የሥራ ባልደረባቸው ጆን ፖስቴል የቀረቡትን የተለያዩ ሐሳቦች እንዲያስታርቁ አዘዟቸው፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን አዲስ ንድፍ አመጡ። በኅዳር 1983 የዶሜይን ስም ሥርዓት፣ በአጭሩ ዲኤንኤስ፣ በሁለት ሰነዶች ይፋ ሆነ። በአንድ ማዕከላዊ ፋይል ፈንታ እያንዳንዱ ድርጅት ከስሙ ግራ ያለውን ክፍል ራሱ የሚያስተዳድርበት ሥርዓት መጣ። ትልቁ ክፍል በቀኝ ዳር ይቀመጣል፤ ወደ ግራ በተሄደ ቁጥር እየጠበበ አንድ ማሽን ላይ ይደርሳል።

ሥርዓቱ የተሠራው ሰው ቁጥር እንዳይሸመድድ ነው። ነገር ግን ገና ከመነሻው ቁጥር በጓሮ በር ገባበት። ስም ሰጥቶ ቁጥር መጠየቅ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ቁጥር ይዞ የመጣ ማሽን ስሙ ማን እንደሆነ መጠየቅም አስፈለገ። ለዚህ ሌላ ሥርዓት ከማቆም ይልቅ ቁጥሩ ራሱ የዶሜይን ስም እንዲሆን ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ማሽኖች ቁጥር፣ ትልቁ ክፍል በግራ ነው፤ በዶሜይን ስም ደግሞ በቀኝ። ስለዚህ ቁጥሩ መገልበጥ አለበት። የዲኤንኤስ ሰነዶች በምሳሌነት የወሰዱት 10.2.0.52 ተገልብጦ 52.0.2.10 ከሆነ በኋላ መጨረሻው ላይ ኢን-አድር ነጥብ አርፓ የሚል ተጨመረበት። ያንን ምሳሌ ጠጋ ብሎ ለሚያይ የድሮው የአርፓኔት ስሌት አሁንም ውስጡ አለ፦ 10 የአርፓኔት መለያ፣ 52 የአስተላላፊው ተራ ቁጥር፣ 2 ደግሞ ኮምፒውተሩ በአስተላላፊው ላይ የተሰካበት ቁጥር ነው።

ይህ የተገለበጠ ስም ዛሬም ሳይታይ ይሠራል። የኢሜይል ሰርቨር ከማያውቀው ማሽን መልእክት ሲመጣለት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የላኪውን ቁጥር ገልብጦ ስሙን ይጠይቃል። በአዲሱ የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ ደግሞ እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው በነጥብ ስለሚለይ የተገለበጠው ቁጥር ብቻ 32 ክፍሎች አሉት። ሰው እንዲያነበው የተዘጋጀ አይደለም።

የፊደሏን ደንብ መጀመሪያ የፈተናት ንግድ ነው። ኢተርኔት ከተባለው የኮምፒውተር ማገናኛ ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት ሮበርት ሜትካፍ በ1979 የመሠረቱት ኩባንያ ስሙ 3ኮም ነበር፤ በአኃዝ ይጀምራል። ኩባንያው በታኅሣሥ 1986 3ኮም ነጥብ ኮምን አስመዘገበ። ስም በፊደል እንዲጀምር የሚያዘው ደንብ ያኔ በወረቀት ላይ እንዳለ ነበር። የተሻሻለው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት 1989፣ ሮበርት ብራደን ባዘጋጁት አርኤፍሲ 1123 ነው፦ የስም መነሻ ፊደልም አኃዝም ሊሆን ይችላል። ስም ከቁጥር የሚለይበት ምልክት ከመነሻው ወደ መድረሻው ተዛወረ። የመጨረሻው ክፍል፣ እንደ ኮም ወይም ኢቲ ያለው፣ ፊደል እስከሆነ ድረስ አራት ቁጥር በነጥብ የተያያዘበት አድራሻ ከስም ጋር አይምታታም። ሙሉ በሙሉ አኃዝ የሆነ ስም ለመመዝገብ በሩ በደንብ የተከፈተው በዚህ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ካርል ማላሙድ እና ማርሻል ሮዝ በዚያ በር አስደናቂ ነገር ይዘው ገቡ። በ1993 የጀመሩት ሙከራ የፋክስ ማሽንን የኢንተርኔት መሣሪያ ያደረገ ነበር። ሰው ኢሜይል ይጽፋል፤ በአድራሻው ላይ የፋክሱ ስልክ ቁጥር አኃዝ በአኃዝ ተገልብጦና በነጥብ ተለያይቶ ይቀመጣል፤ መጨረሻው ቲፒሲ ነጥብ ኢንት ነው። ዲኤንኤስ የተገለበጠውን ቁጥር ተከትሎ ለዚያ አካባቢ ኃላፊነት የወሰደ በጎ ፈቃደኛ ኮምፒውተር ያገኛል፤ ያ ኮምፒውተር ደብዳቤውን በከተማ ውስጥ ጥሪ ዋጋ ወደ ፋክሱ ይልከዋል። ከአህጉር ወደ አህጉር ፋክስ መላክ ኪስ በሚያራቁትበት ዘመን አንድ ወረቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ ያለ ክፍያ በሰው ቢሮ ሲታተም ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ለዚህ ታሪክ ግን ከዚያ የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው፦ ከኢንተርኔት ጋር ምንም ሽቦ የማያገናኘው ተራ የቢሮ ዕቃ፣ ቀድሞ በነበረው ቁጥር ብቻ፣ የዶሜይን ስም አገኘ።

በመስከረም 2000 ስዊድናዊው ፓትሪክ ፌልትስትሮም ያንኑ ሐሳብ ለስልኮች ሁሉ አሰፉት። ኢነም የተባለው ሥርዓት የዓለምን ስልክ ቁጥር በሙሉ ገልብጦ ኢ164 ነጥብ አርፓ በሚል ሥር ያስቀምጣል። የኢትዮጵያ መለያ 251 በዚህ ሥርዓት 1.5.2 ይሆናል፤ የአንድ ደንበኛ ስልክ አኃዞች ደግሞ ከመጨረሻው ጀምረው በግራ በኩል ይሰለፋሉ። በአንዱ ቁጥር ሥር የሰውየው ኢሜይል፣ የኢንተርኔት ስልክና ድረ ገጽ አብረው እንዲገኙ ነበር የታሰበው። ኦስትሪያ በ2004፣ ጀርመንም በ2006 ለሕዝብ አገልግሎት ከፈቱት።

ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልመጣለትም። የስልክ ኩባንያዎች ቁጥሮቻቸውን ለሁሉም በሚታይ መዝገብ ላይ ከማስፈር ይልቅ ቴክኒኩን ወስደው በውስጥ መረባቸው ተጠቀሙበት። በ2009 የተጀመረው ዋትስአፕ ደግሞ ስልክ ቁጥርን የኢንተርኔት መለያ የማድረጉን ሥራ ያለ አንዳች ዶሜይን በራሱ ሰርቨር ላይ ፈጸመው። ኢነም በሕዝብ እጅ ያለ የጋራ መዝገብ ሊያደርገው የነበረው ነገር የአንድ ኩባንያ ንብረት ሆነ። ይህ ሊያስቆጭ ይገባል።

ዕቃዎችም ተራቸው ደረሰ። በ1999 ኬቨን አሽተን የነገሮች ኢንተርኔት የሚለውን ሐረግ ተጠቀሙ፤ በዚያው ዓመት በኤምአይቲ የአውቶ-አይዲ ማዕከል ተከፈተ። ዓላማው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ላለ እያንዳንዱ ዕቃ በሬዲዮ የሚነበብ ትንሽ ቺፕ መለጠፍና በቺፑ ላይ ቁጥር ብቻ ማስፈር ነበር። ስለ ዕቃው ያለው መረጃ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። ታዲያ አንባቢው መሣሪያ ከቁጥሩ ተነሥቶ መረጃው ያለበትን ሰርቨር በምን ያገኘዋል? መልሱ ያው የተፈተነው ብልሃት ሆነ፤ ቁጥሩን ገልብጦ የዶሜይን ስም ማድረግ። በሥርዓቱ መግለጫ ላይ በምሳሌነት የተቀመጠ አንድ ዕቃ የኩባንያ ቁጥሩ 0614141፣ የዕቃው ዓይነት 000024፣ የራሱ ተከታታይ ቁጥር 400 ነው። ከዚህ የሚወጣው ስም 000024 ነጥብ 0614141 ብሎ ይጀምርና በኦኤንኤስኢፒሲ ነጥብ ኮም ያልቃል። 400 ቁጥሩ አይገባበትም። ዲኤንኤስ ወደ አምራቹ በር ያደርሳል እንጂ አንዷን ነጠላ ዕቃ አይለይም።

በጥር 2004 የዚህን መዝገብ ሥር የማስተዳደሩ ሥራ ለአሜሪካው ቬሪሳይን ተሰጠ። የዓለም ሸቀጥ ሁሉ መዝገብ በአንድ አገር፣ በአንድ ኩባንያ እጅ መግባቱ በተለይ በአውሮፓ ቅሬታ አስነሣ። በ2013 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ሥሩ በተለያዩ አገሮች እንዲከፋፈል ፈቀደ፤ ያኔ ግን ገበያው ስልክ ባለው ሰው ሁሉ ወደሚነበበው ኪውአር ኮድ እያዘነበለ ነበር።

ምዕራቡ ዓለም ቁጥርን ለማሽን ትቶ ለራሱ ቃል ሲመርጥ ቻይናውያን ቁጥርን ለራሳቸው ወሰዱት። ዲንግ ሌይ በ1997 የመሠረቱት ኔትኢዝ በመላ አገሪቱ የታወቀው 163 ነጥብ ኮም በሚለው አድራሻው ነው። 163 በዚያ ዘመን ቻይናዊ ከቤቱ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለመግባት የሚደውለው ቁጥር ነበር፤ እጁ ቀድሞ ለምዶታል። ላቲን ፊደል ለማያነብ ሰው ኤቢሲ ከመሸምደድ ይልቅ አኃዝ ይቀላል፤ አኃዝ ደግሞ ድምፅ አለው። የአሊባባ የጅምላ ገበያ 1688 ነጥብ ኮም የሆነው ይ-ሊዩ-ባ-ባ ተብሎ ሲነበብ ከኩባንያው ስም ጋር ስለሚቀራረብ ነው። የባቡር ቲኬት የሚሸጠው 12306 ነጥብ ሲኤን ከባቡር መሥሪያ ቤቱ የደንበኞች ስልክ የተወሰደ ነው። በ2015 ቺሁ 360 የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ 360 ነጥብ ኮምን ከቮዳፎን ሲገዛ የተነገረው ዋጋ 17 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ስም በማይሠራበት ቀን ቁጥር አደባባይ የወጣበት ጊዜም አለ። በመጋቢት 2014 የቱርክ መንግሥት ትዊተርን በዲኤንኤስ በኩል ሲዘጋ የኢስታንቡል ወጣቶች 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል ዲኤንኤስ ቁጥር በግድግዳ ላይ ጻፉ። አላፊ አግዳሚው ቁጥሩን ስልኩ ላይ ሞልቶ ክልከላውን ያልፍ ነበር።

በሰኔ 2017 ኤክስዋይዚ የሚባለውን ዶሜይን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ኩባንያ ከዚህ ቀደም ያልታየ ጅምላ ገበያ ከፈተ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ አኃዝ ያላቸው፣ ፊደል የሌላቸው ስሞች በሙሉ በዓመት በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጡ ጀመር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለስድስት አኃዝ አንድ ሚሊዮን፣ ባለሰባት አሥር ሚሊዮን፣ ባለስምንት መቶ ሚሊዮን፣ ባለዘጠኝ አንድ ቢሊዮን፤ በድምሩ 1,111,000,000 ስሞች። ከታሰበላቸው አገልግሎት አንዱ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኙ ዕቃዎች መለያ መሆን ነበር፦ ለካሜራ፣ ለቆጣሪ፣ ለበር ቁልፍ። ሰው ለፍሪጅ ስም ለማውጣት አይጨነቅም፤ ቁጥር ግን አያልቅም።

ይሁንና በቅደም ተከተል የተሰጠ ቁጥር የሚገመት ቁጥር ነው። 482116 የአንዱ ካሜራ መለያ ከሆነ 482117 የሌላው ሊሆን ይችላል። ይህ ከዶሜይን ስም ውጭ ባሉ መለያዎች ላይ በተግባር ታይቷል። በ2019 ፖል ማራፒስ የተባሉ የደኅንነት ተመራማሪ ይፋ ባደረጉት ጉድለት ከ2 ሚሊዮን በላይ የቤት ካሜራዎችና መሰል መሣሪያዎች ተጋልጠው ተገኙ። ባለቤቱ ካሜራውን በስልኩ የሚያገኝበት መለያ ጥቂት ፊደላት፣ ስድስት አኃዝ ያለው ተራ ቁጥርና የማረጋገጫ ምልክት ነበረው፤ ማረጋገጫው ተሰልቶ የሚደረስበት ስለሆነ ተራውን እየቆጠሩ የሰው ቤት መድረስ ይቻል ነበር። ከዚያ በፊት፣ በጥቅምት 2016፣ ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የኢንተርኔትን ቁጥሮች በዘፈቀደ እያንኳኳ፣ ከ60 በላይ የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ የማረካቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች ዳይን በተባለው የዲኤንኤስ ድርጅት ላይ አዘመታቸው። ለሰዓታት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ አሜሪካውያን አልከፈት አሉ። ስም የሌላቸው ዕቃዎች የስሞችን መዝገብ መቱ።

ተራ ቁጥር ይህ አደጋ ስላለበት ለየት ያለ መንገድ የያዙ አምራቾችም አሉ። ፕሌክስ የተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ የቤት ሰርቨር የሚሰጠው ስም በሰረዝ የተያያዘ የአይፒ ቁጥርና 32 ምልክቶች ያሉት ሊገመት የማይችል ድብልቅ ነው። ቁጥሩ አልቀረም፤ በተርታ መቆሙ ነው የቀረው።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር በሩ ላይ ተመልሷል፦ የግዕዝ አኃዝ። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ወደሚመዘገቡበት ዩኒኮድ ሲገባ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት 20 ምልክቶች አብረው ገብተዋል። ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት ለሚጻፉ ዶሜይኖች በ2010 የወጣው አርኤፍሲ 5892 ግን ፊደላቱን ሲፈቅድ አኃዞቹን በሙሉ ከለከላቸው። ደንቡ የተጻፈው በግዕዝ ላይ ተነጣጥሮ አይደለም። ዩኒኮድ አንድን ምልክት አሥርዮሽ አኃዝ የሚለው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ተሟልቶ በቦታው ዋጋ ሲያገኝ ነው፤ የዐረብኛውና የሂንዲው አኃዞች በዚህ ያልፋሉ። ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ 251ን ፪፻፶፩ ብሎ ሲጽፍ ለመቶው የራሱ ምልክት፣ ለሃምሳውም የራሱ ምልክት አለው። በዩኒኮድ ዘንድ ይህ ሌላ ዓይነት ቁጥር ተብሎ ተመደበ፤ የዶሜይኑ ደንብ ደግሞ ሌላ ዓይነት የተባሉትን በጅምላ አገደ። በየብራናው ምዕራፍ ሲቆጥሩ፣ በየቀን መቁጠሪያው ቀን ሲያመለክቱ የኖሩት ምልክቶች በሠንጠረዥ ምድባቸው ብቻ ውጭ ቀሩ።

በዚህ ደንብ መሠረት በአማርኛ ፊደል ዶሜይን የሚያስመዘግብ ሰው ቤት12 ቢል ያልፍለታል፤ ቤት፲፪ ቢል ግን መዝጋቢው ይመልስበታል።